ከቶርኖ ወደ ኮምፒውተር ድሮዊንግ፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ43 ዓመት ሰው ስሆን፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ በቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) ሙያ ሠርቻለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ የማሽኖቻችን ድሮዊንግ (ልኬት የተጻፈበት የቴክኒክ ሥዕል) የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ከነሰነዱ ጠፋብን፤ ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ የምንሠራው አሮጌውን ዕቃ ከፊታችን አስቀምጠን በልምድ ነው። አዲሱ የጥገና ኃላፊያችን ለእያንዳንዱ መለዋወጫ በኮምፒውተር የተሠራ ድሮዊንግ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዲዘጋጅ አዝዘዋል፤ የወርክሾፑ ተጠሪ በመሆኔም ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ብረቱን እንጂ ማውዙን አላውቅም። አብሮን የሚሠራ አንድ ወጣት መሐንዲስ አውቶካድ በተባለው የድሮዊንግ ፕሮግራም ላይ እጁ ፈጣን ነው፤ ይሁንና ባለፈው እርሱ በሠራው ድሮዊንግ ያወጣሁት ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ኩሽኔቱ (ዘንጉን ደግፎ የሚያሽከረክረው ቀለበት) ላላበትና ተመለሰ። ደሴ ያለ አንድ ማሠልጠኛ በሦስት ወር አምስት ፕሮግራም አስተምራለሁ ይላል። ልመዝገብ? ዕድሜዬስ አላለፈም? ያለችኝ አሮጌ ላፕቶፕ ትበቃለች? የትምህርቱን ወጪ ፋብሪካው እንዲሸፍንልኝ ብጠይቅስ ያስነውራል?

ምላሽ፦ የተከበሩ ወንድማችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ለአብዛኛው ጥያቄዎ መልሱን ይዟል፤ እርሱም ኩሽኔቱ የላላበት ሻፍት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት በጥገና ወርክሾፕ ውስጥ በአብዛኛው የሚፈጠረው በአንድ መንገድ ነው። ያረጀው ሻፍት ተፈትቶ ይመጣል፤ ኩሽኔቱ የሚቀመጥበት ቦታ በካሊፐር ሲለካ 24.86 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ሣዩም ያየውን ቁጥር አምኖ 24.86 ብሎ ይጽፋል። ድሮዊንጉ ንጹሕ፣ መስመሩም የተስተካከለ ነው፤ የተሣለው ግን የሻፍቱ ብልሽት እንጂ ሻፍቱ አይደለም። እርስዎ ቢሆኑ ካሊፐር ከማንሣትዎ በፊት ኩሽኔቱን አገላብጠው፣ ግራሶውን በጨርቅ ጠርገው፣ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያነቡ ነበር። ቁጥሩ 6205 ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጪው ዲያሜትር 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሻፍቱ በተሠራበት ቀን ስንት እንደ ነበረ ለማወቅ ያረጀውን ብረት መለካት እንኳ አያስፈልግም።

ስለዚህ በድሮዊንጉ ላይ የሚጻፈው 25 ነው፤ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ በተለመደ ጭነት ለሚሽከረከር ሻፍት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የመገጣጠም ልክ፣ ኬ6፣ ይጨመራል። ይህ ምልክት ሻፍቱ ከ25.002 ሳያንስ ከ25.015 ሳይበልጥ መውጣት አለበት ማለት ነው። መደበኛ የ6205 ኩሽኔት ቀዳዳ ከ24.990 እስከ 25.000 ባለው ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምንጊዜም ጥቂት ጥብቀት ይኖራቸዋል። ይህን ልክ በ0.02 በሚያነብ ካሊፐር ማረጋገጥ አይቻልምና ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ድሮዊንጉም ቶርኖ ላይ ለሚቆመው ሰው ይህንኑ ያለ ቃል ይነግረዋል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ በትምህርት ቤት የተሰጠው አዲስና ፍጹም ዕቃ እንጂ በሥራ ብዛት የተበላ ሻፍት አልነበረም። ልነግርዎ የፈለግሁት ለዚህ ሥራ ከባዱ ግማሽ በእጅዎ መሆኑን ነው። የትኛው ልክ ወሳኝ እንደሆነና የትኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያልፍ ምንም እንደማይል፣ የትኛው ገጽ መላግ እንዳለበት፣ ዕቃው ማሽን ላይ በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቃሉ። ድሮዊንግ ይህን እውቀት እርስዎ በሌሉበት ፈረቃ ለሚሠራው ባለሙያ የሚያደርስ መልእክተኛ ስለሆነ፣ ኃላፊዎ የጠየቁት የሚያምር ሥዕል ሳይሆን በእርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር በወረቀት እንዲቀር ነው። የቀረዎት ክፍል፣ ማለትም ፕሮግራሙ፣ አድካሚ ቢሆንም አነስተኛ ነው።

ዕድሜዎን በተመለከተ፣ አውቶካድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ስለሆነ ከእርስዎ ጋር እኩያ ነው። እኩያ ለእኩያ መግባባት አያቅትም፤ ወደ ሌላው ጥያቄ እንለፍ።

በሦስት ወር አምስት ፕሮግራም የሚያስተምረው ማሠልጠኛ ለእርስዎ የሚሆን አይመስለኝም። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ አርኪካድና ሬቪት ይኖሩ ይሆናል፤ እነርሱ ለሕንፃ ሥራ የተሰናዱ ስለሆኑ ለመለዋወጫ ድሮዊንግ የሚሰጡት ጥቅም የለም። የቀሩትም ቢሆኑ ተራ በተራ ሲነካኩ ሁሉንም ጀምሮ አንዱንም አለመጨረስ ይመጣል። ከሥራ በኋላ በየማታው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መድረስና በጨለማ መመለስ የሚያስከትለውን ድካምና የታክሲ ወጪም ያስቡበት። ማሠልጠኛ የግድ ካስፈለገዎ፣ ከመመዝገብዎ በፊት አሠልጣኙን ከወርክሾፕዎ ይዘውት የሚሄዱትን ዕቃ እንዲሥሉ ይፈቅድልዎ እንደሆነ፣ ስለ ልኬት አጻጻፍና ስለ ቶለራንስ (ከተጻፈው ልክ ስለሚፈቀደው ልዩነት) የሚያስተምርበት ሰዓት ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። «እርሱን በኋላ እናየዋለን» ካለዎት አመስግነው ይመለሱ። በደሴ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ እዚያው ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሠራተኞች የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል፤ የማሽን ሥራ የሚያስተምር ሰው ድሮዊንግ ሲያስተምር ብረቱ ከሐሳቡ አይርቅም።

ስለ ላፕቶፕዎ ዝርዝሩን ባይጽፉልኝም፣ አራት ጊጋባይት ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ አዲሶቹን የአውቶካድ እትሞች አትሸከምም። ነገር ግን ሊብረካድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚሠራውም በሁለት አቅጣጫ የሚሣል ድሮዊንግ ብቻ ነው፤ ለሻፍት፣ ለፍላንጅ (በቡሎን ለሚታሠር ጠፍጣፋ ማገናኛ)፣ ለፑሌጃ (ቺንጊያ ለሚዞርበት ጎማ) እና ለቡሽ (ዘንግ ለሚገባበት ቀለበት) ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ፋይሉን በዲኤክስኤፍ ዓይነት ሲያስቀምጡት ወጣቱ በአውቶካድ ሊከፍተው ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ዝም ብለው የሚያልፉትን ነገር ልናገር፦ በየሱቁ በፍላሽ የሚዞረው የተሰበረ (ያለ ፈቃድ የተገለበጠ) አውቶካድ ለፋብሪካ ሥራ አይገባም። አውቶዴስክ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ፕሮግራሙን የሚሰጠው በጊዜ በተገደበ ክፍያ ነው፤ በነጻ የሚፈቅደው ደግሞ ለተማሪዎችና ለመምህራን ብቻ ስለሆነ በእርሱ የፋብሪካ ድሮዊንግ መሥራት ከስምምነቱ ውጪ ነው። ፋብሪካው ፈቃድ ከገዛ እሰየው፤ ካልገዛ ሊብረካድ፣ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሲሻገሩም ፍሪካድ፣ ለድርጅት ሥራ ጭምር በነጻ የተፈቀዱ ናቸው።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንምጣ። በመጀመሪያ መሐሉ ላይ ጎማ ያለው ማውዝ ይግዙ፤ በላፕቶፑ ታችፓድ ድሮዊንግ መሥራት ትዕግሥትን ከመፈታተን በቀር ፋይዳ የለውም። ጎማውን ሲያሽከረክሩት ሥዕሉ ይቀርባል ይርቃል፤ ተጭነው ሲጎትቱት ይንሸራተታል፤ እጅዎ ይህን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ምሽት ቢያጠፉ አይቆጭም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጉዎ ትእዛዞች በጣም ጥቂት ናቸው፦ ቀጥታ መስመር፣ ክብ፣ መስመርን በተወሰነ ርቀት ማባዛት፣ ትርፉን መቁረጥ፣ ማዕዘንን ማጠፍ፣ አንዱን ጎን ወደ ሌላው ማንጸባረቅና ልኬት መጻፍ። በእነዚህ ብቻ ከወርክሾፕዎ መለዋወጫ አብዛኛውን መሣል ይቻላል። መስመሮቹ በትክክል ጫፍ ለጫፍ፣ ክቦቹም መሐል ለመሐል እንዲይዙ የሚያደርገውን መያዣ ሁልጊዜ ክፍት ያድርጉት፤ በዓይን ግምት የተገናኙ የሚመስሉ መስመሮች ሲቀርቡ ተለያይተው ይገኛሉና። ሌየር የሚባለውን፣ መስመሮችን በየዓይነታቸው የሚለየውን ንብርብርም፣ ገና ከመጀመሪያው ይልመዱ፤ የዕቃው ጠርዝ በወፍራም መስመር፣ የመሐል መስመርና ልኬቱ በቀጭን መስመር ሲለዩ ወረቀቱ ላይ ዓይን አይደናበርም።

የመጀመሪያ ሥራዎ ሻፍት አይሁን። አራት የቡሎን ቀዳዳ ያለው ተራ ፍላንጅ ይምረጡ። ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ፍላንጁን ሞርሳው አጠገብ አስቀምጠው በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሣሉት፤ ልኬቱንም ሁሉ እዚያው ዕቃው ፊት ይጻፉ። ማያው ፊት ከተቀመጡ በኋላ የጎደለ ልኬት ፍለጋ መነሣት የሚያበሳጭ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ስንፍና ይይዘውና በግምት እንዲሞላ ያደርገዋል። ግራሶ የነካው ያ ወረቀት እንዳይጣል፤ የድሮዊንጉን ቁጥር ጽፈውበት በፋይል ያኑሩት፤ ከዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ የሚታየው እርሱ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ሲሥሉ ደግሞ ዕቃው ምንም ያህል ትልቅ ወይም ትንሽ ቢሆን በእውነተኛ መጠኑ ይሣሉት፤ የማሳነሱና የማጉላቱ ጉዳይ የሚነሣው ለኅትመት ገጹን ሲያዘጋጁ ብቻ ነው።

ልኬት አጻጻፍ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የሥራው ነፍስ እዚያ ነውና። እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ አምስት ደረጃዎች ያሉትን ሻፍት ያስቡ። ጀማሪ ሣይ አንዱን ከሌላው አስከትሎ 25፣ 25፣ 25 እያለ ይጽፋል። አይኤስኦ 2768 በተባለው የአጠቃላይ ቶለራንስ ደረጃ፣ በመካከለኛው ክፍል፣ ከ6 በላይ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያለ ርዝመት ±0.2 ይፈቀድለታል፤ አምስቱ ሲደመሩ የሻፍቱ ጠቅላላ ርዝመት ±1 ሚሊ ሜትር ሊዋዥቅ ይችላል፤ ቶርኖ ላይ ያለው ሰው ደግሞ በየደረጃው ከሕግ አልወጣም። ሁሉም ልኬት ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 125 ተብሎ ቢጻፍ ግን የመጨረሻው ርዝመት ±0.5 ብቻ ይሆናል፤ እርስዎም ቶርኖ ላይ የሚለኩት ከአንድ ጫፍ ተነሥተው ስለሆነ አጻጻፉ ከአሠራሩ ጋር ይስማማል። የትኛው ጫፍ መነሻ መሆን እንዳለበት የሚወስነው ዕቃው ማሽኑ ውስጥ የሚደገፍበት ገጽ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ አይኖርም።

ሁሉንም ልኬት በጠባብ ቶለራንስ ማሠርም ሌላ በሽታ ነው። ለኩሽኔቱ ቦታና ለኪዌዩ (በሻፍቱ ላይ ቁልፍ ለሚገባበት ጎድጓዳ መስመር) ልክ ያስቀምጡ፤ 25 ሚሊ ሜትር ሻፍት ላይ የመደበኛው ኪዌይ ስፋት 8፣ ጥልቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረውን በወረቀቱ ግርጌ በሚጻፍ አንድ መስመር ለአጠቃላይ ቶለራንስ ይተዉት። ከምንም በላይ ደግሞ የማይደረግ ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ ከሥዕሉ ለክቶ የሚያወጣውን ቁጥር አጥፍቶ በላዩ ሌላ ቁጥር መተየብ። ሥዕሉ 48 ሆኖ ጽሑፉ 50 ከሆነ፣ ነገ ያንኑ ፋይል ከፍቶ አጠገቡ ሌላ ዕቃ የሚሥል ሰው ሥዕሉን እንጂ ጽሑፉን አይከተልም። ቁጥሩ ከተሳሳተ መስመሩ ይታረም።

ከውጭ የመጡ ማሽኖችን ሰነድ ሲያነቡ የዕይታዎቹን አቀማመጥ ይጠንቀቁ። የአውሮፓና የቻይና ድሮዊንግ በአብዛኛው በግራ በኩል የታየውን ገጽ በቀኝ ያስቀምጣል፤ የጃፓንና የአሜሪካ ደግሞ በቀኝ የታየውን በዚያው በቀኝ ያስቀምጠዋል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በወረቀቱ ጥግ ባለው የተቆረጠ ሾጣጣ ምልክት ነው። ይህን ሳያዩ የሠሩት ዕቃ ልኬቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ቀዳዳው በተቃራኒው ጎን ይገኛል። እርስዎ አንዱን መርጠው፣ የመጀመሪያውን ቢሆን እመርጣለሁ፣ በሁሉም ድሮዊንጎችዎ ላይ ምልክቱን አስቀምጠው ይጽኑበት።

በቀኝ ግርጌ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የዕቃው ስምና ቁጥር፣ ብረቱ፣ የሠራውና ያረጋገጠው ሰው፣ ስንተኛ ማሻሻያ እንደሆነና ቀኑ ይገባሉ። ቀኑን ሲጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አይዝለሉ፤ በአገራችን ፋብሪካዎች 05/02/2017 የተባለ ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳጨቃጨቀ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ኅትመት ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው። ማተሚያው ሥዕሉን «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» በሚለው ምርጫ ካተመው፣ 1 ለ 1 ተብሎ የተጻፈው ድሮዊንግ ሳይታወቅ ይጠብባል። ምርጫውን ያጥፉት፤ ከታተመ በኋላም አንዱን ርዝመት በማስመሪያ ለክተው ያረጋግጡ። ኮምፒውተር ቤት ወስደው የሚያሳትሙ ከሆነ ዋናውን ፋይል ሳይሆን ፒዲኤፉን ይስጡ፤ ከዚያ የተመለሰውንም ፍላሽ ቫይረሱ ሳይጸዳ ከፋብሪካው ኮምፒውተር ላይ አይሰኩ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ቅንጦት አይደለም።

ድሮዊንጉ መብቃቱን የሚፈትኑበት መንገድ ይኸው ነው፦ ዕቃውን አይቶት ለማያውቅ የቶርኖ ባለሙያ ወረቀቱን ብቻ ይስጡት፤ አሮጌውን ዕቃ ይደብቁበት፤ እርስዎም ዝም ይበሉ። ሊጠይቅዎ በመጣ ቁጥር አይመልሱለት፤ ጥያቄውን ጽፈው ይያዙ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር ነው። ዝም ማለቱ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሰው ከማውዙ የበለጠ ሳይከብድ አይቀርም።

ወጣቱን መሐንዲስ እንደ ተፎካካሪ አይዩት። ምናልባት እርስዎ ይስቁብኛል ብለው እንደሚፈሩት፣ እርሱም ከዚያ ሻፍት ወዲህ እርስዎን ይፈራ ይሆናል። ጠርተው፣ ቡና ጋብዘው፣ ሁለታችሁም ያለ ኩርፊያ የተመለሰውን ሻፍት በመካከል አስቀምጣችሁ፣ የት እንደ ተሳሳተ በማይክሮሜትር ያሳዩት፤ በምትኩ እርሱ ትእዛዞቹን ያስተምርዎ። የእርሱን ድሮዊንግ እርስዎ፣ የእርስዎን እርሱ እየመረመራችሁ «ያረጋገጠው» በሚለው ቦታ ብትፈርሙ፣ ኃላፊው የፈለጉት ሥርዓት ያኔ ተጀመረ ማለት ነው። ለልምምድ የሚመጡ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ካሉም በእርስዎ የእጅ ሥዕል ላይ ተመሥርተው እንዲሠሩ ያድርጓቸው።

የሰኔው ቀነ ገደብ ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም፤ ይህንንም ለኃላፊዎ በግልጽ መንገር ይገባል። ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ከግምጃ ቤቱ የወጪ መዝገብ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚሰበሩትንና ሲሰበሩ ማሽን የሚያስቆሙትን መለዋወጫዎች ለቅመው በዝርዝር ይያዙ፤ እስከ ሰኔ የእነዚህ ድሮዊንግ እንዲያልቅ፣ የቀሩት ደግሞ በተሰበሩ ጊዜ በተራቸው እንዲሣሉ ሐሳብ ያቅርቡ። ወጪውን በተመለከተ መጠየቅ ፈጽሞ አያስነውርም፤ የሚያዘጋጁት ሰነድ የፋብሪካው ንብረት ነውና። ነገር ግን የማሠልጠኛውን ክፍያ ከመጠየቅ ይልቅ በማመልከቻዎ ላይ ከ0 እስከ 25 እና ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚለኩ ሁለት ማይክሮሜትሮች፣ የተሻለ ኮምፒውተር ከነማውዙ፣ እንዲሁም በየቀኑ ከሥራ ሰዓት ላይ ከወጣቱ ጋር የምትቀመጡባቸው ሁለት ሰዓታት እንዲፈቀዱ ይጻፉ፤ ያቺንም ሻፍት ከማመልከቻው ጋር ይዘው ይግቡ።